የባሻ ወልዱ በቅሎ፣ የአባቴ ጫማ

በዋግ ምድር የእኔን ሙሾ ሰምቶ ያላለቀሰ ሰው ቢኖር ሟቹ ብቻ ነው። እሱም ቢሆን አንዴ ፃግብጂ ላይ ከተገነዘ በኋላ ከንፈሩ ሲንቀጠቀጥ አይቼዋለሁ፤ ካህናቱ እንዳይቀየሙኝ ብዬ ነው ዝም ያልኩት። ፍየል አስለቅሻለሁ። ግብር ሰብሳቢ አስለቅሻለሁ። ዝናብ በቀረበት አንድ ዓመት፣ እኔ ሙሾ ባወረድኩበት ሜዳ ላይ ብቻ ሣር በቀለ ብለው የሚምሉ ሰዎች አሉ። አንደኛው እኔ ነኝ፤ ሌሎቹን እያፈላለግሁ ነው።

እንግዲህ ይህን ሁሉ ፍጡር ያስለቀስኩት ሰውዬ፣ አንድ ቀን ሜዳ ሙሉ ሕዝብ መሀል ቆሜ ካንድ ሰው ዐይን አንዲት ጠብታ ማውጣት አቃተኝ። የዚያን ቀን የሚለቀስለት ሰው አባቴ ነበር።

ነገሩ የሆነው መንግሥት ከተለወጠ ጥቂት ዓመት ቆይቶ ነው። ሰቆጣ ከተማ፣ ገበያው አፋፍ ላይ ባለች አንዲት በረንዳ፣ የልብስ ስፌት መኪናዬን ዘርግቼ የምኖር ወንደላጤ ነበርኩ። ሜትሩን አንገቴ ላይ የማንጠለጥለው ለጌጥ ነው። ሰው በመንገድ ሲያልፍ አይቼ ወገቡን፣ ቁመቱን፣ ሲቀመጥ ሱሪው የት ላይ እንደሚይዘው ሳይቀር እናገር ነበር። «ሞላ ዐይኑ ሜትር ነው» ይሉኝ ነበር፤ መጀመሪያ ያልኩት ግን እኔው ነኝ።

ሙሾውም እንደዚያው ነበር። በእኛ አገር ሰው ሲሞት፣ ከቀብሩ ሌላ፣ በሣልስቱ ሕዝቡ ሜዳ ላይ ይሰበሰባል። የሟቹ ጠመንጃ፣ ልብሱ፣ ኮርቻ የተጫነች በቅሎው መሀል ላይ ይቆማሉ። አልቃሹ ግጥም ያወርዳል፤ ሕዝቡ እየተቀበለ ይዞራል፣ ደረቱን ይመታል፣ ያለቅሳል። ለቅሶው ካልሞቀ «ደረቅ ለቅሶ» ይባልና ወሬው ለልጅ ልጅ ይተርፋል። እኔ ለዚህ ሥራ እንደ ዝግጁ ሱሪ የተሰፉ ግጥሞች ነበሩኝ። ለጀግና አንድ፣ ለባለጸጋ አንድ፣ ለቄስ አንድ። ሰው ሲሞት ስሙን ብቻ እቀይርና እግሩን ትንሽ አጠፍ አድርጌ አለብሰዋለሁ። ሁሉም ልኩ ነው እያለ ያለቅስ ነበር።

ከሁሉ የገነነልኝ አባቴ ከመሞቱ አንድ ዓመት ቀድመው የሞቱት የባሻ ወልዱ ለቅሶ ነው። ባሻ ባለ ጠመንጃ፣ ባለ በቅሎ፣ ጉሮሯቸውን ሲጠርጉ ውሻ የሚደነግጥላቸው ሰው ነበሩ። ልጆቻቸው በግጥሜ ደስ ብሏቸው በሸለሙኝ ሽልማት ላባቴ ጥቁር የቆዳ ጫማ ገዛሁለት።

አባቴ ኪሮስ ጨው ነጋዴ ነበር። ነጋዴ ስላችሁ መጋዘን እንዳታስቡ፤ አንዲት አህያ ነበረችው። ከሰቆጣ ገበያ አሞሌ ጨው ይገዛል፣ አህያዋ ላይ ይጭናል፣ ቁልቁል ወደ ዋግ ቆላ፣ ወደ ዝቋላ ወርዶ በማሽላና በፍየል ቆዳ ለውጦ ይመለሳል። ዕድሜ ልኩን የሚያደርገው ኮንጎ ጫማ ነው። አዲሱን ጫማ ስሰጠው ገለባበጠው፤ አሸተተው፤ «ይህስ የሹም ጫማ ነው» አለና በነጠላው ቋጠረው። ከዚያ በኋላ እግሩ ላይ አይቼው አላውቅም። ሸጦ ጨው ገዝቶበታል ብዬ ደመደምኩና ተቀየምኩት። አልጠየቅሁትም። ሥራ ይበዛብኝ ነበር።

መስከረም ሊያልቅ ሲል፣ አንድ ረፋድ ላይ፣ የአባቴ ታናሽ ወንድም አያ ደሱ ከገጠር መጥተው በረንዳዬ ላይ ቆሙ። የሰው ሱሪ እየሰፋሁ ነበር።

«ሞላ፣ መኪናዋን አቁማት» አሉ።

«ትንሽ ናት የቀረችኝ። ይቀመጡ እንጂ፣ አያ።»

«ወንድሜ ከቆላ ንዳድ ይዞት መጥቶ ነበር። ዛሬ ጎሕ ሲቀድ ዐረፈ።»

እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጉ እንደነበር አላውቅም። እኔ ሱሪውን ጨረስኩ። እግሬ መርገጫውን ይረግጣል፣ መርፌዋ ትወርዳለች፣ ትወጣለች። አያ ደሱ ቆመው ያዩኛል። ክሩን በጥርሴ በጠስኩ፤ ሱሪውን አጠፍኩት፤ ከዚያ ጋቢዬን ለበስኩ። በሌላ ሳምንት ባለሱሪው መጥቶ «አንተ ሰውዬ፣ አንዱን እግር አፉን ሰፍተህ ዘግተኸዋል፤ እግሬን በየት ላውጣው?» አለኝ።

ቀብሩ ላይም ያው ነበርኩ። ካህናቱ ይፈታሉ፣ ሴቶቹ ይጮሃሉ፣ አፈሩ ይመለሳል። እኔ የማየው የጋቢዬን ጫፍ ነው። ተተርትሯል፤ ቤት ስገባ መሰፋት አለበት እያልኩ አስብ ነበር። ሰው እየመጣ ትከሻዬን ይይዘኛል። መያዙን አያለሁ እንጂ አይሰማኝም፤ የሌላ ሰው ትከሻ ተውሼ የቆምኩ ያህል ነው። እንባ ይመጣል ብዬ ጠበቅሁ፤ ቀረ። ድካም ይሆናል አልኩ።

ማታውን እናቴ አጠገቤ መጥታ ተቀመጠች። ድምፅዋ ተዘግቷል።

«ሞላዬ፣ የሰው አባት ስታስለቅስ ኖረሃል። ያንተን አባት በደረቅ እንዳትሸኘው። ሌላ አልቃሽ አልጠራሁም። አንተ እያለህ ብጠራ ሰው ምን ይለኛል?»

«ለኔ ተይው፣ እማዬ። ሜዳውን ጎርፍ ነው የማደርገው።»

ስለዚህ መዘጋጀት ጀመርኩ። አባቴ ጠመንጃ የለው፤ በቅሎ የለው። ሜዳ ላይ ምን ይቁም? ኮንጎ ጫማ ይቁም? ባሻ ወልዱ ቤት ሄጄ ጠመንጃውን ከነዝናሩ፣ በቅሎዋን ከነኮርቻዋ ተዋስኩ። ልጆቻቸው ደጎች ናቸው፤ አልነፈጉኝም። በቅሎዋን እየሳብኩ ስመጣ አያ ደሱ ደጃፍ ላይ ቆመው ከላይ እስከ ታች አዩዋት።

«ኪሮስ ይቺን በቅሎ ቢያያት ኖሮ» አሉ፣ «ከመቃብር ተነሥቶ እጅ ይነሳት ነበር።»

«ለክብሩ ነው፣ አያ።»

«የማንን ክብር?»

ሰውዬው ሁልጊዜም ነገር ይወዳሉ ብዬ አለፍኩ።

በሣልስቱ ጠዋት ሜዳው መሙላት ጀመረ። የመንደራችን ሰው መጣ፤ ይጠበቃል። የሰቆጣ ሰው መጣ፤ ለኔ ብሎ ነው አልኩ። ከዚያ ከቆላው አቀበት ላይ ሰው ይወጣ ጀመር። መስመር ሠርቶ፣ አቧራ ለብሶ፣ ሽማግሌው በትር ይዞ፣ ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው። የዝቋላ ሰዎች ናቸው። መንገድ ያደረ ፊት አላቸው። «ይህ ሁሉ ሰው አባቴን ከየት ያውቀዋል?» ብዬ አያ ደሱን ጠየቅሁ። አያ ደሱ ቀና ብለው አዩኝና ወደ እንግዶቹ ሄዱ።

ከመካከላቸው አንዲት ቀጭን፣ ረጅም፣ ዕድሜያቸው የገፋ ሴት ቀጥ ብለው ወደ እኔ መጡ። እማ ዝናሽ ይባላሉ። የዝቋላ አልቃሽ መሆናቸውን ሰምቼ አውቃለሁ፤ ቆላ ውስጥ ማን ተሰምቶ ያውቃል ብዬ ንቄ ትቼው ነበር።

«ልጁ አንተ ነህ?»

«እኔ ነኝ። ሞላ እባላለሁ። ስሜን ሰምተውት ይሆናል።»

«አልሰማሁትም። እግዜር ያጥናህ።» አጠገቤ ቁጭ አሉ። «እኛ ጋ ሲመጣ አውቀዋለሁ። እቤቱ እንዴት እንደነበር ግን አላውቅም። እስቲ ንገረኝ፤ አባትህን ምን ያስቀው ነበር?»

አሰብኩ። እውነቴን ነው፣ አሰብኩ።

«ጀግና ነበር» አልኩ።

«እሱን አልጠየቅሁህም። አህያይቱስ፣ ምን ብሎ ነበር የሚጠራት?»

«አህያ ደግሞ ስም አላት እንዴ?»

እማ ዝናሽ አልሳቁብኝም፤ ቢስቁብኝ ይሻለኝ ነበር። ጉልበቴን መታ መታ አድርገው ተነሡና ሄዱ። ከዚያ ሕዝቡ እስኪሰበሰብ ድረስ ሲዞሩ አየኋቸው። እናቴ ጋ ተቀመጡ። ጠላ የሚቀዱትን ሴቶች ጠየቁ። ከአያ ደሱ ጋር በዋግ ቋንቋ፣ በኽምጣኛ፣ ብዙ አወሩ። በመጨረሻ ከጓሮ ታስራ ከቆመችው አህያ ፊት ቆመው ጆሮዋ ሥር ሲያኩላት አየሁ። ዕብድ ናቸው አልኩ በልቤ።

ሰዓቱ ደረሰ። ጠመንጃው ተሰቀለ፤ በቅሎዋ ቆመች፤ ሕዝቡ ክብ ሠራ። እናቴ ከፊት ናት። ዐይኗ እኔ ላይ ነው። ጋቢዬን አደገደግሁ፣ ጉሮሮዬን ጠረግሁ፣ በቅሎዋን አየኋት፣ አፌን ከፈትኩ። አፌ ሥራውን ያውቃል፤ እኔን አይፈልገኝም።

ጥይቱን ታጥቆ ሲወጣ ጫካው ይሸበራል፤
ምነው ባሻ ወልዱ ዛሬ ሜዳ ያድራል።

ሕዝቡ ሊቀበል ከንፈሩን ከፈተና እዚያው ላይ ቆመ።

እኔ ምን እንዳልኩ አላወቅሁም። ዝም ሲሉ አልሰሙኝም ብዬ ድምፄን ከፍ አድርጌ ደገምኩት። «ምነው ባሻ ወልዱ!» አልኩ፣ እጄን ወደ በቅሎዋ ዘርግቼ። በቅሎዋ የጌታዋን ስም ስትሰማ ጆሮዋን ቀጥ አደረገች፤ በዚያ ሜዳ ላይ በግጥሜ ልቧ የተነካ ፍጡር እሷ ብቻ ነበረች።

አያ ደሱ ከክቡ ውስጥ ሆነው ቀስ ብለው ጠየቁ፤ «ምነው ሞላ፣ ባሻ ደግመው ሞቱ እንዴ?»

ካንድ ወገን ሳቅ አፈተለከ። ሌላው ደገመው። ሳቃቸውን በነጠላ ለማፈን የሚታገሉ ሴቶች ትከሻቸው ሲንቀጠቀጥ ከሩቅ የሚያለቅሱ ይመስላሉ። እናቴ ብቻ አልሳቀችም። አንገቷን ደፋች። ያኔ ነው ምን እንዳደረግሁ የገባኝ። አባቴን ለመሸኘት ቆሜ ሌላ ሰው ሸኘሁ።

ማፈር ነበረብኝ፤ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ የሚባለው ለእንዲህ ያለው ቀን ነው። እኔ ግን ምንም አልመጣልኝም። እዚያው ቆሜ የጠመንጃው ማንገቻ ስፌቱ እንደለቀቀ አየሁ።

እማ ዝናሽ ወደ መሀል ገቡ። ክንዴን ይዘው ወደ ጎን አደረጉኝ፤ ሰው ዕቃ ከመንገድ እንደሚያነሣ ነው። ከዚያ ወደ አያ ደሱ ዞሩ።

«ጠመንጃውን አውርዱት። በቅሎዋንም ለባለቤቶቿ መልሱ። የኪሮስን አህያ አምጡልኝ፤ ስልቻውንም።»

«አህያ?» አለ አንድ ሽማግሌ። «ለቅሶ ሜዳ ላይ አህያ?»

«ከሱ ጋር የኖረችው እሷ ናት። እሷ ያልቆመች ማን ይቁም?»

አህያዋ መጣች። ሰው ገና እየሳቀ ነው። ኮርቻ የላት፣ ጥልፍ የላት፤ ጎኗ ላይ ጨው የላጠው ቦታ አለ። መሀል ላይ ቆማ ሕዝቡን አየች። እማ ዝናሽ አንገቷን አቀፏትና በዝቅተኛ ድምፅ፣ ወሬ እንደሚያወራ ሰው ጀመሩ።

ዝቋላ ገበያ ሕፃኑ ቆሟል፤
ኪሮስ ጨው ቆርሶልኝ እልሳለሁ ብሏል።

ሳቁ ቆመ። ከዝቋላዎቹ መካከል አንዲት ወጣት ሴት ልጇን እንዳዘለች «እውነት ነው! እኔም ልሼ ነው ያደግሁት!» ብላ ጮኸች። አባቴ የአሞሌውን ጥግ እየቆረሰ ለልጆች የሚያልስ ሰው ኖሯል። እኔን አልሶኝ ይሆን? አላስታውስም።

መንገዱን ለአህያዋ፣ አቧራውን ለራሱ፤
ምን አስቸኮለውና ቀደመ ዛሬ እሱ።

ሕዝቡ ተቀበለ። ክቡ መዞር ጀመረ። የአባቴን ልማድ የሚያውቁት ሁሉ ከአህያዋ ኋላ ኋላ፣ አቧራ ውስጥ፣ ነጠላውን አፉ ላይ አድርጎ ሲሄድ ያዩት ጀመር። ነገረኛው አያ ደሱ ፊታቸውን በሁለት እጃቸው ሸፈኑ። ቀጥለው እማ ዝናሽ በኽምጣኛ አወረዱ። እኔ በልጅነቴ ከተማ የገባሁ ነኝ፤ ግማሹ ብቻ ነው የሚገባኝ። «እሜቴ» የሚል ቃል ሰማሁ። አባቴ አህያዋን የሚጠራት «እሜቴ» እያለ ነበር። አህያዋም ስሟን ስትሰማ ወደ ቤታችን በር ዞራ አየች። ያኔ ሜዳው አለቀለት።

እናቴ ስልቻውን ይዛ መጣች። እማ ዝናሽ እጃቸውን አስገብተው በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር አወጡ። ፈቱት። ጥቁር የቆዳ ጫማ። ሶሉ አፈር አልነካውም። በክሩ አንጠልጥለው ወደ ላይ አነሡት።

ልጄ የገዛው ጫማ አያርጅብኝ ብሎ፣
ዝቋላ ይገባል በእጁ አንጠልጥሎ።

«አዎ! አዎ!» አሉ ዝቋላዎቹ። ገበያው አፍ ላይ ሲደርስ ከስልቻው ያወጣዋል። «ልጄ ነው የገዛልኝ፣ ሰቆጣ ያለው፣ ልብስ ሰፊው» እያለ ለሁሉ ያሳያል። ሲመለስ ጠቅልሎ ይከተዋል። አንድ ሽማግሌ እየተንሰቀሰቁ ወደኔ መጥተው እጄን ሳሙት፤ «የጫማው ልጅ አንተ ነህ?» አሉኝ።

ሰው ወደቀ። ሰው ፊቱን ነጨ። የባሻ ወልዱ ልጆች ሳይቀሩ፣ ላባታቸው ካለቀሱት በላይ አለቀሱ። እናቴ ጮኸች፤ ከዚያ ቀና ብላ ሰማዩን አየች፤ ፊቷ ላይ ዕረፍት አየሁ። ባሏ በደረቅ አልሄደም።

እኔስ? እኔ ከጎን ቆሜ ጫማውን አየሁ። የተረከዙ ስፌት ጥሩ ነው አልኩ። ይህን ነው ያልኩት። ዋግ ሁሉ ላባቴ ሲያለቅስ አንድ ደረቅ ሰው ነበር፤ ልጁ።

ከዚያ በኋላ ሰቆጣ ተመልሼ መኪናዬ ላይ ተቀመጥኩ። ሰዉ እንደምታውቁት ነው፤ «ሞላ፣ ሱሪ ስፋልኝ፤ የባሻ ወልዱን እንዳትሰጠኝ እንጂ» ይለኛል። እስቃለሁ። እንደ በፊቱ ቀልድ እመልሳለሁ። ለቅሶ ሲጠሩኝ አሞኛል እላለሁ። ሌላ ሰው ቢሆን አልቃሿን ሴት ይጠላ ነበር፤ ወይም ቆይ ብሎ ይዝት ነበር። እኔ ለመጥላትም ጉልበት አጣሁ። ጠዋት እከፍታለሁ፣ ማታ እዘጋለሁ።

አንድ ቀን ኮት እየሰፋሁ ሳለ ባለኮቱ «ኧረ ሰውዬ! ደም! ደም!» ብሎ ጮኸ። መርፌዋ ጣቴን በስታ ከጨርቁ ጋር ሰፍታዋለች። አልተሰማኝም። ጣቴን አነሣሁና አየሁት፤ የሰው ጣት አየሁ። ያን ጊዜ ከየት እንደመጣ አላውቅም፣ የእማ ዝናሽ ጥያቄ መጣብኝ። አባትህን ምን ያስቀው ነበር? የሰቆጣን ሰው ሁሉ የወገብ ልክ በቃሌ አውቃለሁ፤ ይህችን አላውቅም። መሸነፌ ያን ዕለት ገባኝ። የተሸነፍኩት በግጥም መስሎኝ ነበር፤ ሴትዮዋ ግን እኔ ታዝዬ ያደግሁበትን ቤት ሳይቀር ከኔ የበለጠ ያውቁ ነበር።

በረንዳዬን ዘግቼ ገጠር ሄድኩ፤ እሜቴን አስነሥቼ ጨው ጫንኩባት፤ ወደ ዝቋላ ወረድኩ። ከፊቷ ሆኜ ስስባት አልሄድም አለች። ለመንኳት፣ ሰደብኳት፣ ሙሾ ሳይቀር አወረድኩላት። መላው ሲጠፋኝ ወደ ኋላዋ ዞርኩ። ያኔ መንገዷን ጀመረች። አቧራዋን እየጠጣሁ ተከተልኳት፤ መንገዱን የምታውቀው እሷ ናት።

እማ ዝናሽን ያገኘኋቸው ማሽላ እርሻቸው መሀል፣ ማማ ላይ ተቀምጠው በወንጭፍ ወፍ ሲያባርሩ ነው። ከላይ ሆነው አዩኝ።

«ማን ሞተ?»

«ማንም አልሞተም።»

«ታዲያ ምን አመጣህ?»

«ሙሾ ያስተምሩኝ ብዬ ነው።»

ሳቁ። «ውጣና ወፍ ጠብቅ።»

ማሽላው እስኪታጨድ ወፍ ጠበቅሁ። ወንጭፌ ከወፍ ይልቅ ጎረቤት ይመታ ነበር። ምሽት ላይ ከእማ ዝናሽ ጋር ሰው ቤት እንገባለን። አንዱን «ይህች ፍየል ለምን ታነክሳለች?» ይላሉ፤ ሌላዋን «ባልሽ ዛሬም በእንቅልፉ ይቆጣል?» ይላሉ፤ ይሳቃል፣ ይወራል፣ እንወጣለን። አንድ ቀን ማማው ላይ ሳለን ትዕግሥቴ አለቀ።

«ይህን ሁሉ ለሙሾ ነው የሚይዙት፣ እማ?»

«ሂድ ወዲያ! ለጨዋታ ነው እንጂ። እኔ የሰው ሞት እየጠበቅሁ ነው የምኖረው? ሰውዬው የሞተ ዕለት የማውቀው ይወጣል፤ የማላውቀው አይወጣም።» አንድ ወፍ አባረሩና ጨመሩ፤ «አባትህን ያስቀው የነበረው ምን እንደሆነ ታውቃለህ? እሜቴ ስታነጥስ ነው። ‹ይማርሽ እሜቴ› ይልና ብቻውን ይስቃል። ጭነቱን ይዞ መሬት ላይ ቁጭ እስኪል ይስቃል።»

ያን ሰምቼ አለቀስኩ ብላችሁ ደስ ይላችሁ ነበር። አላለቀስኩም። ግን ስመለስ፣ አንድ ዳገት ላይ፣ እሜቴ አነጠሰች። «ይማርሽ» አልኳት። ጣቴ ላይ የቆሰለው ቦታ ያን ጊዜ ያመኝ ጀመር።

ዛሬ ጎልማሳ ሆኛለሁ፤ ሆድ አብቅያለሁ። ሙሾዬ ተሻሻለ፤ ይህን ማጋነን አይደለም፤ ከፈለጋችሁ የሰቆጣን ሰው ጠይቁ። ዝግጁ ግጥም መስፋት ትቻለሁ። ቆላ ደጋ እያልኩ ሰው ቤት እገባለሁ፣ እጠይቃለሁ፣ እሰማለሁ። ሽማግሌዎቹ ግን ጠርጥረውኛል። ደጃፋቸው ላይ ገና ብቅ ስል «ገና ነኝ! ገና ነኝ! ሌላ ቤት ሂድ!» ብለው በትር ያነሣሉ። እማ ዝናሽንም አላሸነፍኳቸውም። እሳቸው ያረፉ ጊዜ ዝቋላ ወርጄ፣ ያለኝን ሁሉ አውጥቼ አለቀስኩላቸው። ሜዳው ራሰ። ሲበተን አንዲት አሮጊት አጠገቤ አለፉና «ደህና ነው፤ እሳቸው ቢሆኑ ኖሮ ግን…» ብለው ራሳቸውን ነቀነቁ። ልክ ናቸው።

እናንተ የምታነቡኝ፣ ሙሾ አውርዱ አልላችሁም፤ ገበያዬን ትሻሙብኛላችሁ። አባት ያላችሁ ግን ዛሬ ሄዳችሁ አንድ የማይረባ ነገር ጠይቁት። ከበድ ያለ ነገር አይሁን። ምን ያስቀዋል፣ ጫማው የት ላይ ይይዘዋል፣ እንዲህ ያለ። ይደነግጣል። «ምን ፈልገህ ነው?» ይላችኋል። ችግር የለውም።

ጫማ ካልኩ አይቀር፣ አንዲት ነገር ቀርታኛለች። ያቺ የጫማ ግጥም እስካሁን በዋግ ትዘፈናለች፤ ሰው ሲሰማት ያለቅሳል፤ እኔም «የጫማው ልጅ» እየተባልኩ ጠላ በነፃ ጠጥቼባታለሁ። የለቅሶው ዕለት ማታ፣ ሰው ከተበተነ በኋላ፣ ያን ጥቁር ጫማ ወስጄ በሩ ሥር ከቀረው የአባቴ ኮንጎ አጠገብ አስቀመጥኩት። በሁለት ጣት ያጥራል። እግሩ አይገባበትም ነበር። ዝቋላ ማማው ላይ ለእማ ዝናሽ ይህንኑ ነገርኳቸው።

«አውቃለሁ» አሉ፣ ወንጭፋቸውን እያዞሩ። «‹ይጠበኛል፤ ለሞላ ግን እንዳትነግሪው› ብሎኝ ነበር። ‹አያርጅብኝ›ም ብሏል። ሁለቱንም ብሏል። እኔ አንዱን አወጣሁለት።»

ይኸው ነው። ሜትሩ ዐይኔ ውስጥ ነው እያልኩ የምፎክር ልብስ ሰፊ ነበርኩ፤ የአባቴን የእግር ልክ ግን አላውቅም ነበር። ጫማውን የገዛሁት በራሴ እግር ለክቼ ነው።